ሦስት ልጅ፣ አንድ የኋላ ወንበር

«ሦስት ልጆች አሉኝ፤ የትኛው መኪና ይሻለኛል?» ብሎ ደላላ የጠየቀ አባት አሰላም ይሁን አዳማ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ሰባት ሰው የሚይዝ ውሰድ»። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ግን ጥያቄውን አልመለሰም። ሊብሬው ላይ የሰፈረው የሰው ቁጥር የሚናገረው ስንት ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ እንደሚቀመጥ ነው። ልጅ ደግሞ መኪና ውስጥ መቀመጥ ያለበት ወላጆች «ካር ሲት» በሚሉት የራሱ መቀመጫ ላይ ነው፤ ያ መቀመጫም ከልጁ በብዙ ይሰፋል። የአራት ዓመት ልጅ የእናቷ ግማሽ የምታክል ብትሆንም መቀመጫዋ ከእናቷ የበለጠ ቦታ ሊይዝ ይችላል። በዚህ ምክንያት አምስት ሰው የሚይዘው መኪና ሦስት የልጅ መቀመጫ እምቢ ሲል፣ ሰባት ሰው የሚይዘውም ሦስቱን ተቀብሎ አያትን ደጅ ሊያስቀር ይችላል።

«በእጄ አቅፌው የለ? የራሱ መቀመጫ ምን ያደርግለታል?» የሚል ብዙ ስለሆነ ከዚያ መጀመር ይሻላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ቢላተም፣ አፍንጫው ተጨፍልቆ እስኪቆም የሚሄደው ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያች ግማሽ ሜትር ውስጥ፣ መኪናው ላይ ያለ ነገር ሁሉ ወደ ፊት የሚወረወርበት ኃይል የክብደቱን 20 እጥፍ ገደማ ይሆናል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ለዚያች ቅጽበት 200 ኪሎ ነው ማለት ነው። ሁለት ኩንታል ገብስ ሲወረወር በክንዷ የምታስቀር እናት በአርሲም ሆነ በሌላ አገር አልተፈጠረችም። አንዱን ቀበቶ ለእናትም ለልጅም ደርቦ ማሰር ደግሞ ይብሳል፤ የእናቲቱ ክብደት በ20 ተባዝቶ ልጁን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋል። ከሁሉም የከፋው ጋቢና ላይ ታቅፎ መሄድ ነው። ኤርባግ የሚፈነዳው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ከሚፈጀው ባነሰ ጊዜ ነው፤ በኤርባጉና በእናቱ ደረት መካከል ያለው ሕፃኑ ነው።

የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ለዓመታት የሚጠቅሰው ግምት አለ። በቤት መኪና ውስጥ በትክክለኛ መቀመጫ የታሰረ ሕፃን፣ ዓመት ያልሞላው ከሆነ የመሞት አደጋው በ71 በመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለው ከሆነ በ54 በመቶ ይቀንሳል። ከመኪና ዕቃ ሁሉ ይህን ያህል ለልጅ የሚመልስ ሌላ ነገር እኔ አላውቅም።

የሕፃንን ጀርባ ወደ መኪናው አፍንጫ አዙሮ የማስቀመጥ ሐሳብ የስዊድን ነው። ቤርቲል አልድማን የተባለ ሐኪምና ተመራማሪ፣ የጠፈር ተጓዦች ግፊቱን በጀርባቸው ሙሉ እንዲቀበሉት ተደርገው መቀመጣቸውን አይቶ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ወደ ኋላ የሚያይ የልጅ መቀመጫ ሠራ። ነገሩ ቀላል ነው። የሕፃን ጭንቅላት የቁመቱን ሩብ ያህል ይይዛል፤ አንገቱ ደግሞ ገና ለጋ ነው። ፊቱ ወደ ፊት ከሆነ ገላው በማሰሪያው ተይዞ ይቀራል፣ ጭንቅላቱ ብቻውን ይወረወራል። ጀርባው ወደ ፊት ከዞረ ግን ጭንቅላት፣ አንገትና ጀርባ አንድ ላይ መደገፊያው ላይ ያርፋሉ። ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው ካዱ የተባለ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት የስንዴ ምርጥ ዘርንና ማዳበሪያን ለጭላሎ ገበሬ አዳረሰ። ከዚያው አገር የወጣው የልጅ መቀመጫ ግን እስከ ዛሬ አሰላ ውስጥ ብርቅ ነው።

መቀመጫዎቹ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። ወደ ኋላ የሚያየው ከውልደት ጀምሮ ቢያንስ እስከ 15 ወር ይቆያል፤ የአውሮፓው አዲሱ ደንብ ዝቅተኛ ወሰኑ ይኸው ነው፣ ስዊድኖች ግን እስከ አራት ዓመት ያቆዩታል። ከዚያ ወደ ፊት የሚያይና በአምስት ነጥብ የሚያስር ይከተላል። በመጨረሻ የመኪናው ቀበቶ አንገት ላይ ሳይሆን ትከሻ ላይ፣ ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ እንዲያርፍ ልጁን ከፍ የሚያደርግ ከፍታ ይመጣል። ይህ ከፍታ የሚያስፈልገው ልጁ 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ እስኪሆን ነው፤ በዕድሜ ወደ 11 ዓመት ማለት ነው። «ትልቁ እኮ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እሱ አያስፈልገውም» የሚለው ሒሳብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። የሰባት፣ የአራትና የአንድ ዓመት ልጆች ያሉት ቤት ሦስት መቀመጫ ይፈልጋል፤ ሌላ ልጅ ባይወለድ እንኳ ሦስቱም ለዓመታት ያስፈልጋሉ።

አሁን ወደ ሜትሩ። መንገዳችንን የሞሉት ትንንሾቹ ቶዮታዎች፣ ቪትዝና የቀድሞው ኮሮላ፣ ከውጭ ያላቸው ስፋት 1.70 ሜትር የማይሞላ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ የጃፓን ሕግ ትንሽ መኪና የሚለው እስከ 1.70 ሜትር ድረስ ያለውን ነው፤ ፋብሪካዎቹም ለዚያ ወሰን ነው የሠሩት። ከዚህ ላይ የሁለቱን በሮች ውፍረት ስንቀንስ ለኋላ ወንበር 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይተርፋል። ገበያ ላይ ያለው መደበኛ የልጅ መቀመጫ ደግሞ ከ44 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ሦስት ጊዜ 44፣ 132 ነው። በሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ቀረ የሚባለው ይህ ነው።

በሁለት ሴንቲ ሜትር የቀረን ነገር ለማግኘት መኪና መለወጥ ግን ከልክ ያለፈ ወጪ ነው። ሆን ተብለው ጠበብ ተደርገው የሚሠሩ መቀመጫዎች አሉ፤ ዲዮኖና ክሌክ የሚባሉት የአሜሪካ ገበያ ስሪቶች 17 ኢንች፣ ማለትም 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ናቸው። ጀርባ የሌለው ከፍታ ደግሞ ከዚያም ሊጠብ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን መታወቅ ያለበት መቀመጫ ከላይ እስከ ታች እኩል እንደማይሰፋ ነው። ወደ ፊት የሚያየው ሰፊ ጎኑ ከላይ ትከሻው ዘንድ፣ መደገፊያውን ተጠግቶ ነው። ወደ ኋላ የሚያየው ግን ጭንቅላቱ ወደ ጋቢናው ስለሚወጣ ሰፊው ክፍሉ ሌላ ቦታ ላይ ይውላል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው አንዱ የሌላውን ጎድጓዳ ይሞላል። ሦስቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ደርድረው «አልገባም» ያሉ ወላጆች መካከለኛውን ብቻ ቢያዞሩት የሚገባበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ማዞር የሚቻለው ግን ልጁ ለዚያ አቅጣጫ በዕድሜና በክብደት ሲመጥን ነው።

መሐል ላይ ማን ይቀመጥ? ከጎን ከሚመጣ ግጭት ስለሚርቅ መሐሉ የተሻለ መሆኑን ጥናቶች ያሳያሉ። ሆኖም በደንብ ያልታሰረ መሐል በደንብ ከታሰረ ዳር አይበልጥም። በተግባር ወሳኙ የቀበቶው መቆለፊያ ነው። ቀበቶውን ራሱ የሚያስረው ትልቁ ልጅ በሁለት ሰፋፊ መቀመጫዎች መካከል ከተጣበቀ፣ መቆለፊያው ከሥሩ ተቀብሮ እጁ አይደርስበትም። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲረፍድ መጀመሪያ የሚቀረውም የእሱ ቀበቶ ነው። ትልቁን በር አጠገብ፣ ጠባቡንና አንዴ ታስሮ የማይነቃነቀውን መቀመጫ መሐል ማድረግ ይሻላል። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ፣ መንገድ ዳር ሲቆም ከሁሉ ትንሹ በቀኝ በር በኩል ቢሆን እናት ከመኪናዎች ርቃ ታወጣዋለች።

ቀበቶን ካነሣን አይቀር፣ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ከሞተሩ በፊት የኋላውን ወንበር መፈተሽ አለበት። ብዙ ዘመን ያስቆጠሩ መኪናዎች መሐል ላይ ያላቸው ቀበቶ ወገብ ብቻ የሚያስር ነው። በእሱ አንዳንድ መቀመጫ ይታሰራል፤ ከፍታ ግን ፈጽሞ አይሆንም፣ ትከሻውን የሚይዝ የለምና። ሌላው የኛ አገር ጉድ የወንበር ልብስ ነው። ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ከዳር ዳር ሲሸፈን፣ የቀበቶ መቆለፊያዎቹ ከሥር ተጠቅጥቀው ይቀራሉ። አይሶፊክስ የሚባሉትም እንዲሁ፤ እነዚህ በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ 28 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው የተበየዱ ሁለት የብረት ቀለበቶች ናቸው። ልብሱን አስነሥተው በጣትዎ ይዳስሱ። አሜሪካ ውስጥ ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተሸጡ መኪናዎች እነዚህ ቀለበቶች ግዴታ ናቸው፤ አውሮፓም በኋላ ተከትላለች። ቀለበቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለቱ ዳሮች ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛው መቀመጫ በቀበቶ ይታሰራል። በቀበቶ መታሰሩ ደህንነቱን አይቀንሰውም፤ በትክክል ይታሰር እንጂ። ምልክቱም ይኸው ነው፦ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዘው ሲወዘውዙት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መነቃነቅ የለበትም።

አሁን የመኪናውን ዓይነት ማንሣት ይቻላል። በአርሲ ገበሬም ነጋዴም የሚመኘው ደብል ጋቢና ፒካፕ ለጭቃው የሚስተካከለው የለም። የኋላ ወንበሩ ግን መደገፊያው ቀጥ ያለ፣ የእግሩም ቦታ አጭር ነው። ወደ ኋላ የሚያይ መቀመጫ ሲገባ የፊተኛው ሰው ጉልበቱ ዳሽቦርድ ይነካል። ሁለት ልጅ ላለው ይሆናል፤ ለሦስት አልመክርም። ከኋላ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያይ አግዳሚ ያለው ላንድክሩዘር ደግሞ ለልጅ መቀመጫ ከነጭራሹ አይሆንም። መቀመጫዎቹ የተሠሩት ወደ ፊት ለሚያይ ወንበር እንጂ ወደ ጎን ለሚያይ አይደለም። «አባዱላ» የምንለው ሚኒባስ ስፋትም ከፍታም አለው፤ አያትም አክስትም ይገባሉ። ችግሩ ለታክሲ ሲሠራ የኖረ ከሆነ የኋላ ረድፎቹ ቀበቶ የሌላቸው ወይም እዚሁ የተበየዱ ተጣጣፊ ወንበሮች መሆናቸው ነው። ቀበቶ በሌለበት ረድፍ ምን ቢሰፋ ምን ይጠቅማል?

ሰባት ሰው የሚይዘው ባለ ሦስት ረድፍ መኪና ለትልቅ ቤተሰብ ትክክለኛው ምርጫ ሊሆን ይችላል። ግን ሁለት ወጥመድ አለው። ወደ ሦስተኛው ረድፍ የሚገባው የሁለተኛውን ወንበር አጥፎ ነው፤ እዚያ ላይ የልጅ መቀመጫ ከታሰረ ወንበሩ አይታጠፍም። ስለዚህ ከሁለተኛው ረድፍ አንዱ ዳር ባዶ ሊቀር ወይም አዋቂ ሊቀመጥበት ይገባል። ሁለተኛው ወጥመድ ዕቃ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ከኋላው የሚተርፈው ቦታ ከአንድ ሻንጣ ብዙ አይበልጥም። የኛ ሰው ደግሞ ከአሰላ ባዶ እጁን አይመለስም። ግማሽ ኩንታል ገብስ ካልታሰረ፣ በዚያ በ20 እጥፍ ሒሳብ፣ ግጭት ላይ የልጆቹን መደገፊያ በ10 ኩንታል ግፊት ይመታዋል። ከረጢቱ ወለል ላይ፣ መደገፊያውን ተጠግቶ፣ በገመድ ተጠፍሮ ይሂድ። ካልሆነ በአውቶቡስ ይላክ።

የአገሩ ከባሕር ወለል ከፍ ማለትም ከምርጫው አይነጠልም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በ75 ኪሎ ሜትር ውስጥ በዴራ፣ በኢተያና በቁሉምሳ አድርገን አሰላ ስንደርስ 2,400 እናልፋለን። ወደ በቆጂ ከዘለቅን 2,800 ነው። አሰላ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። 1.3 ወይም 1.5 ሊትር ሞተር ያለው ባለ ሰባት ሰው መኪና ሞልቶ ሲወጣ የሚያቃስተው፣ የጭነት መኪናንም ለመቅደም ረጅም መንገድ የሚፈልገው በዚህ ነው። መቅደም ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ ከሚያስፈሩኝ ነገሮች ዋናው ነው። ቤተሰቡ ብዙ ከሆነ ከወንበር ቁጥር እኩል የሞተር አቅም ይታሰብ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ምርጫው ተለውጧል፤ ለልጅ መቀመጫ ሲታይ ለውጡ አልከፋም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ በከፍታ አይደክምም። ወለሉ መሐል ላይ ጉብታ ስለሌለው መሐል የሚቀመጥ ሰው እግሩን ያሳርፋል። አዲስ አበባ ላይ የበዙት የቮልስዋገን አይዲ 4 እና ባለ ሦስት ረድፉ አይዲ 6 ስፋታቸው 1.85 ሜትር ገደማ ነው፤ ከቪትዝ በ15 ሴንቲ ሜትር ይበልጣሉ። አይዲ 6 ስድስት ሰውም ሰባት ሰውም የሚይዝ ሆኖ ይመጣል። ባለ ስድስቱ ሁለተኛ ረድፉ ሁለት የተለያየ ወንበር ስለሆነ በመሐል ወደ ኋላ ማለፍ ይቻላል፤ የልጅ መቀመጫ ሳይነካ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይደረሳል። ሦስት ልጅ ላለው እኔ ባለ ስድስቱን እመርጣለሁ። ከአዳማ ወደ አሰላ ያለው ዳገት ብቻውን ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በመልሱ ቁልቁለት መልካም ድርሻው ወደ ባትሪው ይመለሳል። የሚያሳስበው ዳገቱ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ነው፤ ዘመድ ቤት ሌሊቱን መሰካት ካልተቻለ ጉዞው አስቀድሞ ይታሰብበት።

አንድ ነገር የአርሲን ብርድ የሚያውቅ ብቻ ይረዳዋል። በክረምት ጠዋት ከበቆጂ የሚነሣ ልጅ በወፍራም ጃኬት፣ ከዚያም በጋቢ ተጠቅልሎ ነው መኪና የሚገባው። ማሰሪያው ከዚያ ሁሉ ጨርቅ በላይ ሲታሰር ጥብቅ ይመስላል። በግጭት ጊዜ ግን ጨርቁ ይጨፈለቅና ማሰሪያው ላልቶ ይቀራል፤ ልጁም ከውስጡ ሊሾልክ ይችላል። ጃኬቱ ይውለቅ፣ ልጁ በሹራቡ ይታሰር፣ ትከሻው ላይ ማሰሪያውን በሁለት ጣት ቆንጥጠው ማጠፍ እስኪያቅትዎ ይጥበቅ። ጋቢው ከዚያ በኋላ ከላይ ይደረብ። ሙቀቱ ያው ነው።

መቀመጫዎቹ ከየት ይገኛሉ ለሚለው፣ ብዙዎቻችን ዘንድ የሚደርሱት ከዘመድ ሻንጣ ጋር ነው። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ መቀመጫ ጥሩ ስጦታ ነው፤ ሁለት ነገር ግን ይጠየቅ። አንደኛው፣ ግጭት አይቷል ወይ? ካየ አይጠቅምም። ሁለተኛው ዕድሜው ነው፤ ከሥሩ ፕላስቲኩ ላይ የተሠራበትና የሚያበቃበት ዓመት ታትሟል። ሌላም ስውር ጉዳይ አለ። የአሜሪካ መኪና ቀበቶ እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲለቀቅ በተሳበበት ይቆልፋል፤ የአሜሪካ መቀመጫም በዚህ ይተማመናል። ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ መኪና ግን ይህ መቆለፍ ላይኖረው ይችላል። ቀበቶውን ሙሉ ስበው ቀስ ብለው ሲለቁት እንደ ልብ እየወጣ እየገባ ከሆነ፣ መቀመጫው የራሱ የቀበቶ መቆንጠጫ ያለው መሆን አለበት። መለያው ከጎኑ ወይም ከቀበቶው መተላለፊያ ላይ ያለ የሚከፈት ክዳን ነው፤ ከሌለው በአይሶፊክሱ ይታሰር።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ከለመድነው የተገላቢጦሽ ይሁን፤ መቀመጫዎቹ ይቅደሙ፣ መኪናው ይከተል። መቀመጫዎቹን ይዘው፣ ቢቻል ልጆቹንም ይዘው ወደ ሻጩ ይሂዱ። ሦስቱንም ይሰሩ፣ የፊቱን ወንበር ነጂው በሚመቸው ልክ ወደ ኋላ ይሳቡ፣ በሮቹን ሁሉ ይዝጉ፣ ከዚያ ትልቁ ልጅ ያለ ማንም እርዳታ ቀበቶውን ይቆልፍ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ይህን ያለፈ ትንሽ ኮሮላ፣ ይህን ከወደቀ ባለ ሰባት ሰው መኪና ለቤተሰብዎ ይሻላል። «መጀመሪያ ክፈሉ፣ ከዚያ ትሞክራላችሁ» ከሚል ሻጭ ግን መኪና አይግዙ።